«ያጨስ ነበር?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ፦ የሳንባ ካንሰር ዕጢ በጂን የተነበበበት ታሪክ



የመጽሔቱ አዘጋጆች «ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የታሪክ መምህሩም የሚያነበው ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ርዕስ ፍለጋ ብዙ አልደከምኩም። ባለፉት ዓመታት ከመካከላችን በሳንባ ካንሰር የተለዩን አሉ፤ ገሚሱ እዚሁ አገር ቤት፣ ገሚሱ ባሕር ማዶ። ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ያጨስ ነበር እንዴ?» ያጨስ ከነበረ ሁሉም ራሱን ይነቀንቅና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ እህታችን ከሆነች ደግሞ ሁሉም ግራ ይጋባና ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ እስኪገኝም ብዙ ሰው ደክሞበታል። ነገር ግን ላለፉት አርባ ዓመታት ሳይንስ ሌላ ጥያቄ ጨምሮበታል፦ «ዕጢው ውስጥ የተለወጠው ጂን የትኛው ነው?» የመጀመሪያው ጥያቄ በሽታው ከየት እንደመጣ ይነግረናል። ሁለተኛው ግን ከታመመው ሰው ጎን ቆሞ ምን ማድረግ እንደሚቻል ይነግረናል። እኛ ገና የመጀመሪያው ላይ ነን፤ ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርቅ የነበረ በሽታ

በቅድሚያ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛችን «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻውን ሲቆም ግን ካንሰርንም ይጠራል። የቃሉ መደባለቅ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ቲቢ በበዛበት አገር የሚያስል፣ የከሳ፣ ደም የቀላቀለ አክታ የሚተፋ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቲቢ ነው፤ የቲቢ መድኃኒት ለወራት ከዋጠ በኋላ በሽታው ካንሰር ሆኖ የሚገኝበት አለ። ስለዚህ እዚህ ላይ «የሳንባ ካንሰር» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዛሬ በዓለም ላይ ከካንሰር ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው ይህ በሽታ ከመቶ ዓመት በፊት ብርቅ ነበር ቢባል ማን ያምናል? በ1912 አይዛክ አድለር የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ስለ ሳንባ ካንሰር መጽሐፍ ሲያሳትም፣ እንዲህ ላለ እምብዛም ለማይታይ በሽታ መጽሐፍ መጻፍ ይገባል ወይ ብሎ ራሱን ጠይቆ ነበር። ከዚያ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በማሽን የሚጠቀለለው ሲጋራ ከወታደሩ ስንቅ ጋር ታደለ። ጦርነቱ ሲያበቃ ልማዱ ወደየቤቱ ገባ፤ ከሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላም የሆስፒታል አልጋዎች ሳንባቸው በታመመ ወንዶች መሞላት ጀመሩ።

ከእነዚህ ዓመታት አንድ ሰው ልምረጥላችሁ፤ የአሜሪካው ቀዶ ሐኪም ኤቫርትስ ግራሃም። በ1933 በሴንት ሉዊስ ከተማ በካንሰር የተያዘን አንድ ሙሉ ሳንባ በአንድ ቀዶ ሕክምና አውጥቶ በሽተኛውን በማዳን የመጀመሪያው ሆነ። በሽተኛው ራሱ ሐኪም ነበር። ግራሃም ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ ሲጋራ ካንሰር ያመጣል የሚለውንም ወሬ አያምንም ነበር። በዚያው ዘመን የናይለን ካልሲ ሽያጭም እኮ አብሮ ጨምሯል እያለ ይሞግት ነበር። ሆኖም ኤርንስት ዊንደር የተባለ የሕክምና ተማሪ ጉዳዩን ላጥና ብሎ ሲመጣበት አልከለከለውም። ሁለቱ በ1950 ያሳተሙት የ684 በሽተኞች ጥናት ግራሃምን ራሱን አሳመነው። ሲጋራውን ተወ፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነበር። በ1957 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ሳንባውን ያወጣለት በሽተኛ ግን ከእሱ በኋላ ለዓመታት ኖረ።

በዚያው በ1950 ለንደን ውስጥ ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ። ዶልም አጫሽ ነበር፤ ጥናቱ ሳያልቅ ውጤቱን አይቶ አቆመ። በ1964 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኃላፊ ሉተር ቴሪ ያወጡት ሪፖርት ክርክሩን ዘጋው። «ያጨስ ነበር?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በዚህ መንገድ ወደ ለቅሶ ቤታችን ገባ።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም ነበር። ጭሱ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ምን ቢያደርግ ነው ጤነኛውን ሴል ካንሰር የሚያደርገው? ቁጥሩ ጥፋተኛውን ያሳያል እንጂ ጥፋቱ እንዴት እንደተፈጸመ አያሳይም።

ከዶሮ ዕጢ እስከ አንዲት ፊደል

መልሱ የመጣው ሳንባን ከማያውቁ ሰዎች ነው። በ1911 ፔይተን ራውስ የተባለ ተመራማሪ የዶሮን ዕጢ ፈጭቶ፣ በጣም አጥልሎ፣ ፈሳሹን ለሌላ ዶሮ ሲወጋ ያኛዋም ዕጢ አወጣች። ሰበቡ ቫይረስ ነበር። ለብዙ ዓመታት «የዶሮ ነገር ነው» ተብሎ ቸል ተባለ፤ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው በ1966፣ ከሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1914 ደግሞ ጀርመናዊው ቴዎዶር ቦቬሪ ካንሰር ክሮሞዞማቸው ከተዛባ ሴሎች የሚነሳ በሽታ ነው ብሎ ጻፈ። ማስረጃው ያኔ ከባሕር ጃርት እንቁላል አላለፈም።

ሁለቱን ሐሳቦች ያገናኙት በ1976 ሳን ፍራንሲስኮ የነበሩት ማይክል ቢሾፕና ሃሮልድ ቫርመስ ናቸው። የራውስ ቫይረስ ካንሰር የሚያመጣበትን ጂን ከዶሮዋ ሴል የሰረቀው መሆኑን አሳዩ። ማለትም ካንሰር ሊያመጣ የሚችለው ጂን ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ድሮውኑ በጤነኛው ሴል ውስጥ ለመልካም ሥራ የተቀመጠ የቤት ልጅ ነው። የሚያጣላው ሲበላሽ ነው። የቫርመስን ስም ያዙልኝ፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በሌላ ቦታ እናገኘዋለን።

ታዲያ አንድ ጂን ለመበላሸት ስንት ለውጥ ያስፈልገዋል? በ1982 የሮበርት ዋይንበርግን ጨምሮ ሦስት የምርምር ቡድኖች ከሰው የፊኛ ካንሰር ያወጡትን ጂን ከጤነኛው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብቻ ነበረች! በእኛ ቋንቋ ልመስለው። «ይቁም» የሚል ትእዛዝ አለ እንበል፤ ጸሐፊው ተሳስቶ «ቁ»ን «ቃ» ቢያደርጋት «ይቃም» ይሆናል። የተቀየረችው አንዲት ፊደል ናት፤ የሚቆመው ግን ቀረና መቃም ተጀመረ። ዕጢውም ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። «ማደግህን አቁም» የሚለው ትእዛዝ ጠፋ።

የጂኑ ቤተሰብ ስም «ራስ» ነው። ማዕረግ ቢመስልም የእኛን ራሶች አይመለከትም፤ «ራት ሳርኮማ» ከሚለው፣ ከአይጥ ዕጢ ስም ተቆርጦ የወጣ ነው። ወንድሙ «ኬ-ራስ» ደግሞ የመጀመሪያ ፊደሉን ያገኘው የአይጡን ቫይረስ ካገኘው ከቨርነር ኪርስተን ነው። በዚያው በ1982 የጄፍሪ ኩፐር ቡድን ኬ-ራስን ከሰው የሳንባ ካንሰር ሴል ውስጥ አገኘው። የሳንባ ካንሰር የጂን ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በ1984 ማሪያኖ ባርባሲድና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሥራ አጭር ቢሆንም ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከአንድ የሳንባ ካንሰር በሽተኛ ዕጢውንም፣ ጤነኛውን የሰውነቱን ክፍልም ወስደው መረመሩ። የኬ-ራስ ለውጥ ዕጢው ውስጥ አለ፤ ጤነኛው ሴል ውስጥ የለም። ይህ ማለት ሰውየው ለውጡን ይዞ አልተወለደም፤ በሕይወት ዘመኑ፣ ሳንባው ውስጥ ባለች አንዲት ሴል ላይ የደረሰ ነው። ብዙ ጊዜ «ለልጆቼ ይተላለፋል ወይ?» ተብዬ እጠየቃለሁ። የዕጢ ጂን ለውጥና የዘር ውርስ አንድ አይደሉም። በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት አልፎ አልፎ አለ፤ እዚህ የምናወራቸው ለውጦች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዕጢው ጋር ተወልደው ከዕጢው ጋር የሚሞቱ ናቸው።

ሲጋራ አሻራውን ሲተው

ቀጣዩ ጥያቄ የመርማሪ ፖሊስ ጥያቄ ነው። ጂኑ ተበላሽቷል፤ ያበላሸው ሲጋራው ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?

እዚህ ላይ ፒ53 የሚባል ሌላ ጂን ይመጣል። ሥራው ጥበቃ ነው፤ ዲ.ኤን.ኤው የተጎዳ ሴል ሲያይ ወይ ቆመህ ተጠገን ይለዋል፣ ወይ እንዲሞት ያደርገዋል። በሳንባ ካንሰር ውስጥ ይህ ዘበኛ ብዙ ጊዜ ተገድሎ ይገኛል፤ በተለይ በትንሽ ሴል የሳንባ ካንሰር ውስጥ ከሞላ ጎደል በሁሉም። ሐኪሞች ከቆጠሯቸው ለውጦች ውስጥ አንዳንድ ቦታዎች ደጋግመው ይመጡ ነበር፦ 157፣ 248፣ 273 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው።

በ1996 ሚካኤል ዴኒሴንኮ፣ ጌርድ ፋይፈርና ባልደረቦቻቸው ቤንዞፓይሪን የሚባለውን የሲጋራ ጭስ ንጥረ ነገር፣ ሰውነት ከለወጠው በኋላ በሚይዘው መልኩ፣ የሰው የሳንባ ሴል ላይ ጨመሩት። ከዚያ በፒ53 ጂን ላይ የት የት እንደተጣበቀ ካርታ አወጡ። የተጣበቀው 157፣ 248 እና 273 ላይ ነበር። ጥይቱና ቀዳዳው ገጠሙ። እስከዚያ ቀን የትምባሆ ጠበቆች «ይህ የቁጥር ዝምድና ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም» ይሉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ይህን ማለት ከባድ ሆነ።

የዘመኑ መሣሪያ ሲሻሻል አሻራው በሙሉ ዲ.ኤን.ኤው ላይ ተነበበ። በ2010 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከአንድ የትንሽ ሴል የሳንባ ካንሰር ናሙና ሙሉውን ዲ.ኤን.ኤ አንብበው 22,910 የፊደል ለውጥ ቆጠሩ። ሒሳቡን ሲያሰሉት በግምት በየአሥራ አምስቱ ሲጋራ አንድ ለውጥ ደረሰ። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በቀን አንድ ፓኮ ለአንድ ዓመት ማጨስ በእያንዳንዱ የሳንባ ሴል ላይ በአማካይ 150 ያህል ለውጥ እንደሚያስከትል ገመተ። ዶርም ውስጥ ኒያላ በፍሬ እየገዛን ለሦስት ስንካፈል ሒሳብ የምንቆጥረው በሳንቲም ነበር። ሳንባችን ደግሞ የራሱን ደብተር ይዞ ነበር ማለት ነው።

ከአሥር አንዱ የዳነበት መድኃኒት

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ለታመመው ሰው ያደረገለት ነገር አልነበረም። በ2000 ገደማ የተስፋፋ የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው የሚያገኘው ኬሞ ነው፤ ኬሞ ከተሰጣቸውም አብዛኞቹ ከአንድ ዓመት ብዙም አያልፉም ነበር።

ሴሎች ከውጭ የእድገት መልእክት የሚቀበሉበት መሣሪያ በሽፋናቸው ላይ አለ። ከቤታችን ጣራ ላይ እንዳለው ዲሽ ቁጠሩት። ከእነዚህ አንዱ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ይባላል። ስታንሊ ኮኸን መልእክቱን ራሱን፣ የእድገት ፕሮቲኑን፣ በማግኘቱ በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ብዙ የሳንባ ዕጢዎች ላይ ይህ ዲሽ በብዛት ስለሚገኝ፣ ሥራውን የሚዘጋ ኢሬሳ የተባለ እንክብል ተሠራ። በ2002 ጃፓን፣ በ2003 አሜሪካ ፈቀዱት።

ውጤቱ ሁሉንም አወናበደ። በአሜሪካ ከአሥሩ በሽተኛ ዘጠኙ አልጠቀማቸውም። አሥረኛው ግን ኦክስጅን ላይ ተኝቶ የነበረ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተነስቶ ይሄዳል! የሚሻላቸው ደግሞ ብዙዎቹ ሴቶች፣ አጭሰው የማያውቁ፣ ወይም የምሥራቅ እስያ ተወላጆች ሆነው ተገኙ። ለምን? ዲሹ በብዛት መኖሩ ልዩነቱን አላስረዳም። መድኃኒቱ በጅምላ ለሁሉም ሲሰጥ በትልቁ ሙከራ ዕድሜ አለማራዘሙ ታወቀ፤ በ2005 በአሜሪካ አዲስ በሽተኛ እንዳይጀምረው ተገደበ። ነገሩ እዚያ ቢቆም ኖሮ ኢሬሳ የከሸፈ መድኃኒት ተብሎ ይረሳ ነበር።

አልቆመም። ቦስተን ውስጥ ሁለት ቡድኖች፣ ጎረቤት ሆነው፣ ለየብቻ አንድ ነገር ያስባሉ፦ የተሻላቸውን ሰዎች ዕጢ እናንብብ። ሚያዝያ 29 ቀን 2004 የሁለቱም ውጤት ወጣ። በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል የነበሩት ቶማስ ሊንች፣ ዳንኤል ሃበርና ባልደረቦቻቸው መድኃኒቱ ከተስማማቸው 9 በሽተኞች በ8ቱ ዕጢ ውስጥ የኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ጂን ለውጥ አገኙ፤ ካልተስማማቸው 7 ውስጥ ግን በአንዳቸውም አላገኙም። ዲሹ መልእክት ሳይመጣለትም የሚጮህ ሆኖ ተበላሽቶ ነበር፤ መድኃኒቱም በትክክል እዚያ የተበላሸው ቦታ ላይ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ከኒው ዮርክ ሦስተኛ ቡድን ይኸንኑ አረጋገጠ፤ ለውጡ አጭሰው በማያውቁ ሰዎች ላይ እንደሚበዛም አሳየ። የዚያ ቡድን አንዱ መሪ ማን ነበር? የራውስን ቫይረስ ምሥጢር የፈታው ሃሮልድ ቫርመስ።

አሁን ቆም ብላችሁ የምታነቡልኝ ቁጥር ይህ ነው። የዳና-ፋርበር ካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ያነበቡት የአሜሪካውያንን ዕጢ ብቻ አልነበረም፤ ከናጎያ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የተላከ የጃፓናውያን ዕጢም አብሮ ነበር። ከ58 የጃፓን ዕጢዎች በ15ቱ ለውጡ ተገኘ። ከ61 የአሜሪካ ዕጢዎች ግን በአንዱ ብቻ። ናጎያ የነበሩ ቀዶ ሐኪሞች ዕጢዎቹን በቅዝቃዜ ባያስቀምጡ፣ አንድ ሰው ደግሞ «የእነሱም ይጨመር» ባይል ኖሮ፣ ያ አንዱ ከ61 እንደ አጋጣሚ ታልፎ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ሳይንስ የሚያገኘው የተመለከተውን ነው። የማን ዕጢ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳለ፣ ምን እንደሚገኝ ይወስናል።

በ2009 ቶኒ ሞክና ባልደረቦቻቸው 1,217 የምሥራቅ እስያ በሽተኞችን አካተው ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ቋጨው። የጂን ለውጡ ካላቸው ኢሬሳ ከወሰዱት መካከል ዕጢያቸው የቀነሰው 71.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ለውጡ ከሌላቸው ውስጥ 1.1 በመቶ ብቻ ናቸው። ለእነዚህኞቹ ኬሞው ይሻላቸው ነበር። እንግዲህ ሳይመረምሩ መስጠት ማለት ለአንዱ ሕይወት፣ ለሌላው ጊዜ ማባከን ነው።

በሩን የሚዘጉና በሩን የሚከፍቱ

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በ2007 ጃፓናዊው ሂሮዩኪ ማኖ በሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ አንድ ቁራጭ ተገልብጦ ሁለት ጂኖች ተጣብቀው አገኘ፤ አልክ የሚባለው ጂን ሌላ ጂን ላይ ተለጥፎ ሁልጊዜ የሚሠራ ሆኗል። ከ75 በሽተኞች በ5ቱ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ክሪዞቲኒብ የተባለው መድኃኒት በ2011 ተፈቀደለት። ከግኝት እስከ መድኃኒት አራት ዓመት! በካንሰር ታሪክ ይህ ሩጫ ነው።

ነገር ግን ዕጢም ይማራል። በ2005 ኢሬሳ የሠራላቸው ሰዎች በሽታ ሲመለስ ዕጢያቸው እንደገና ተነበበ፤ በዚያው ጂን ላይ ሁለተኛ ለውጥ፣ መድኃኒቱ የሚገባበትን በር የሚያጠብ፣ ተጨምሮ ተገኘ። ለእሱም በ2015 ኦሲመርቲኒብ የሚባል ቀጣይ መድኃኒት ተፈቀደ። በኋላ ደግሞ ይኸው መድኃኒት ከመጀመሪያው ሲሰጥ በሽታውን በአማካይ 18.9 ወር ያህል እንደሚይዝ፣ የቀድሞዎቹ ግን 10.2 ወር እንደሆነ ታየ። አታሳስቱኝ፤ ይህ ፈውስ አይደለም። ለተስፋፋ ካንሰር የተገኘ ተጨማሪ ዕድሜ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰው ሥራው ላይ ሆኖ፣ ልጁን ድሮ፣ የልጅ ልጁን አቅፎ የሚኖረው ዕድሜ ነው።

ኬ-ራስስ? በ1982 ቀድሞ የተገኘው እሱ፣ መድኃኒት በማግኘት መጨረሻ የሆነውም እሱ ነው። ፕሮቲኑ ክብ ኳስ ስለሚመስል መድኃኒት የሚይዝበት ጉድጓድ የለውም፤ «መድኃኒት የማይገኝለት» የሚል ስምም ወጣለት። በ2013 የኬቫን ሾካት ቡድን በአንደኛው የኬ-ራስ ለውጥ ላይ፣ በአጫሾች ዘንድ በሚበዛው፣ የተደበቀች ኪስ አገኘ። በ2021 ሶቶራሲብ የተባለው እንክብል ተፈቀደ፤ ከተሞከረባቸው 124 በሽተኞች በ37.1 በመቶው ዕጢው ቀነሰ። ከግኝት እስከ መድኃኒት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት። ልብ በሉ፤ ይህኛው በዋናነት ለአጫሾች የሆነ መድኃኒት ነው። «ያጨስ ነበር» ተብሎ ራስ የተነቀነቀበትም ሰው ዕጢው ሊነበብለት ይገባል።

ያላጨሰችው እህታችን

ለቅሶ ቤት ወሬው የሚዞርበት ጉዳይ ጋ ደረስን። ሳታጨስ እንዴት?

ዩናን በሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር ሹዋንዌ የሚባል አካባቢ አለ። እዚያ ሴቶች ከሞላ ጎደል አያጨሱም፤ ነገር ግን የሳንባ ካንሰራቸው በቻይና ከከፋው ነበር። ምክንያቱ ጭስ መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ ለምግብ ማብሰያ የሚነድደው የድንጋይ ከሰል ነው። ያው የሲጋራው ቤንዞፓይሪን እዚያ ጭስ ውስጥም አለ። ምድጃቸውን ጭስ ማውጫ ወዳለው የቀየሩ ሰዎች በሽታው በግማሽ ገደማ እንደቀነሰላቸው ከ21 ሺህ በላይ ገበሬዎች ላይ የተሠራና በ2002 የታተመ ጥናት አሳይቷል። መድኃኒት አይደለም፤ የጭስ ማውጫ ቱቦ ነው።

በ2023 ደግሞ ለንደን ያለው የቻርልስ ስዋንተን ቡድን አስገራሚ ነገር አሳተመ። ካንሰር ከሌለበት ጤነኛ የሳንባ ናሙና ውስጥ በ18 በመቶው የኢ.ጂ.ኤፍ.አር.፣ በ53 በመቶው የኬ-ራስ ለውጥ ያለባቸው ጥቂት ሴሎች ተገኙ። ዕድሜያችን ሲገፋ እነዚህ ለውጦች በራሳቸው ይመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ተኝተው ይቀራሉ። የሚቀሰቅሳቸው በአየር ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ሳንባው ይቆጣል፣ ቁጣውም የተኛውን ሴል ያነቃዋል። እንግዲህ ያላጨሰች ሴት በካንሰር የምትያዝበት አንዱ መንገድ ተገለጠ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች 5 በመቶ ነበሩ፤ ከሴቶች 1.8 በመቶ ብቻ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስና ትምባሆ ማስተዋወቅ ተከልክሏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊጠበቅም ይገባዋል። ነገር ግን እናቶቻችን ያላጨሱትን ያህል በጭስ ውስጥ አድገዋል፤ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ወጥ ሲሠሩ፣ ልጅ አዝለው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የድንጋይ ከሰልን የቤት ውስጥ ጭስ ካንሰር አምጪ፣ የእንጨትና የመሳሰለውን የቤት ውስጥ ጭስ ደግሞ ካንሰር አምጪ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ብሎ መድቦታል። ስለዚህ እዚህ አገር «ታጨስ ነበር?» ብሎ ብቻ መጠየቅ ጥያቄውን ለግማሹ ሕዝብ ከመጀመሪያው መዝጋት ነው። «ጭስ ቤት ትውል ነበር?» ማለትም አለብን።

ምን እናድርግ?

የታሪክ ጽሑፍ ብቻ ብሆን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን የማኅበር መጽሔት ነውና ሦስት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ከመካከላችሁ ወይም ከዘመዶቻችሁ አንዱ የሳንባ ካንሰር አለበት ከተባለ፣ በተለይ ትንሽ ሴል ያልሆነው ዓይነት ከሆነ፣ ሐኪሙን በትሕትና «ዕጢው የጂን ምርመራ ተደርጎለታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውጭ አገር ያላችሁ ይህ ለእናንተ የተለመደ ነው፤ አገር ቤት ላለው ወንድማችሁም ጠይቁለት። በብዙ አገር አሁን ከደም ናሙና የሚሠራም አለ፤ በአሜሪካ የኢ.ጂ.ኤፍ.አር. የደም ምርመራ በ2016 ተፈቅዷል።

ሁለተኛ፣ ባዮፕሲ ከተወሰደ ናሙናው እንዳይጠፋ ጠብቁ። በፓራፊን ውስጥ የተቀመጠች ያቺ ትንሽ ቁራጭ ከዓመታት በኋላም ትነበባለች። ብዙ ቤተሰብ ውጤቱን የጻፈችውን ወረቀት አጥፎ ያስቀምጥና ቁራጯን ይረሳታል። ወረቀቷ ታሪክ ናት፤ ቁራጯ ግን ገና መናገር ትችላለች።

ሦስተኛውና ትልቁ ለማኅበራችን ነው። የዓለም ታላላቅ የዕጢ ጥናቶች የተሠሩት በብዛት ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከምሥራቅ እስያ በመጡ ናሙናዎች ነው። ናጎያ በ2004 ማቀዝቀዣዋን ባትከፍት ምን ይቀር እንደነበር ከላይ አንብባችኋል። ከእኛ መካከል ፓቶሎጂስቶች፣ የሳንባ ሐኪሞች፣ የጂን ባለሙያዎች፣ ላቦራቶሪ የሚመሩ አሉ፤ በዲሲም፣ በስቶክሆልምም፣ በአዲስ አበባም። መዋጮ ሰብስበን ሕንፃ ቀለም መቀባት እንችላለን፤ ጥሩ ነው። ግን አንድ ወጣት ፓቶሎጂስት የሞለኪውል ምርመራ እንዲሠለጥን ብናግዝ፣ በሕጉና በሥነ ምግባሩ መሠረት የአገራችን ዕጢዎች በአግባቡ የሚቀመጡበትንና የሚነበቡበትን መንገድ ብናግዝ፣ ይህ ከቀለም ይልቅ ይቆያል። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ ከዚሁ ገጽ ላይ አቀርባለሁ።

አድለር በ1912 «ለብርቅ በሽታ መጽሐፍ ይጻፋል ወይ?» ብሎ ነበር። ብርቅ ያለው ያልታየውን ነው። እኛም አገር ውስጥ ብርቅ የመሰለን ብዙ ነገር፣ ያልተመለከትነው ስለሆነ ብቻ ብርቅ ሊሆን ይችላል።

የተለዩንን ነፍስ ይማር፤ የታመሙትን እግዚአብሔር ይማርልን። ለሚቀጥለው ዓመት ቸር ያገናኘን።